ዓሣ ቤት (ባሕር ዳር)

ዓሣ ቤት በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በጥብስ፣ በወጥ፣ በዱለት፣ በጉላሽና በሾርባ መልክ ተሠርቶ የሚቀርብበት መለስተኛ ምግብ ቤት ነው። አንዳንዱ በውኃው ዳር በዛፍ ወይም በቆርቆሮ ጥላ ሥር ጥቂት ወንበሮች የዘረጋ ሲሆን፣ ሌላው ወደ ሰፈር ውስጥ ገባ ብሎ በመኖሪያ ግቢ የተከፈተ ነው። ትልልቆቹ ሆቴሎችም ዓሣ ያቀርባሉ፤ ዓሣ ቤት የሚባለው ግን በአብዛኛው ሳህኑ በጋራ የሚበላበት፣ አጥንቱ በእጅ የሚለቀምበትና ዋጋው ለተማሪም ለቀን ሠራተኛም የማይከብደው ዓይነት ነው። ቢያንስ ቀድሞ እንዲህ ነበር፤ የዓሣ ዋጋ ከሥጋ ዋጋ ጋር መሽቀዳደም ከጀመረ ወዲህ ይህ የመጨረሻው ጠባይ እየደበዘዘ ሄዷል።

ኢትዮጵያ የዓሣ ፍጆታቸው ዝቅተኛ ከሆኑ አገሮች አንዷ ናት። በዓለም ላይ አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 20 ኪሎ ግራም ያህል ሲመገብ፣ የኢትዮጵያው ድርሻ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ይህ አኃዝ የሐይቅ ዳር ከተሞችን አይገልጽም። በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በዝዋይና በአርባ ምንጭ ዓሣ የዘወትር ምግብ ነው።

ሐይቁና ዓሦቹ

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን ከስፋቱ አንጻር ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣው በባሕር ዳር በኩል ሲሆን፣ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይወረወራል። ዓሣ ይህን ገደል ሽቅብ ሊወጣው አይችልም። በዚህም የተነሣ የጣና ዓሦች ከታችኛው የዓባይ ተፋሰስ ዘመዶቻቸው ተነጥለው ቆይተዋል። ናይል ፐርች የተባለው ግዙፍ ዓሣ በባሕር ዳር ገበታ የማይታየውም ስለዚህ ነው።

ለዓሣ ቤቶች የሚቀርቡት በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው።

ቀረሶ በሌላው ዓለም የናይል ቲላፒያ ተብሎ የሚታወቀው ዓሣ ሲሆን፣ የጣናው በሐይቁ ብቻ የሚገኝ ንዑስ ዝርያ ሆኖ ተመዝግቧል። ሥጋው ነጭ፣ ለስላሳና ከቀጫጭን አጥንት የጸዳ ነው። የጀርባ አጥንቱ ከተነሣ በኋላ ልጅም ያለ ሥጋት ይበላዋል፤ ስለዚህም በገበያው ተፈላጊው እርሱ ነው።

አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ጢማምና ጠፍጣፋ ራስ ያለው ዓሣ ነው። ከጉንጩ በላይ ባለው ልዩ አካል አማካይነት ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ከውኃ ወጥቶ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ሥጋው ጮማ ቢሆንም ከብዙ ቤቶች ገበታ ርቆ ኖሯል፤ ምክንያቱም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ እንዳይበላ ስለተከለከለ፣ ይህን ሥርዓት የሚጠብቁ ክርስቲያኖች አይነኩትም። ዛሬ ራሱና ቆዳው ተወግዶ ሥጋው ብቻ ሲቀርብ የሚበላው ሰው እየበዛ ነው።

ነጭ ዓሣ የሚባለው አንድ ዓይነት ሳይሆን ብዙ ነው። ጀርመናዊው አሳሽ ኤድዋርድ ሩፕል በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ከጣና የሰበሰባቸውን የተወሰኑትን ገልጾ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ ናግልኬርከና ሲቢንግ የተባሉ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ላቤኦባርበስ ከተባለው ወገን 15 የተለያዩ ዝርያዎችን ለይተው አሳወቁ። ሐይቁ ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ገና የሞላ በመሆኑ ዝርያዎቹ የተለያዩት በሥነ ሕይወት ሚዛን በአጭር ጊዜ ነው ማለት ነው። የሚያስደንቀው ከ15ቱ 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ መሆናቸው ነው፤ የዚህ ወገን ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውምና። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ ስብስብ ከጠፋ በኋላ፣ የጣናው በዓለም ብቸኛው የተረፈ ተደርጎ ይቆጠራል። በወጥ ቤት በኩል ሲታይ ነጭ ዓሣ አንድ ጣጣ አለበት፤ በሥጋው መካከል ቅርንጫፍ ያለው ቀጭን አጥንት በብዛት ይገኛል። ደቅቆ ሲከተፍ ይህ አጥንት ብዙም ስለማያስቸግር ለዱለት ይመቻል። በሶ የሚባለው ሌላ ዓሣም አልፎ አልፎ ከመረብ ጋር ይወጣል።

ከታንኳ ወደ ሞተር ጀልባ

ከሐይቁ ዓሣ አጥምዶ በመኖር ቀደም ብለው የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ወይጦዎች በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩ፣ እስልምናን የሚከተሉና የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ የሚናገሩ ሕዝብ ናቸው። ከደንገል የሚሠራውን ታንኳ በመሥራትና ጉማሬ በማደን ይታወቁ ነበር። የጉማሬ ሥጋና አምባዛ ይበላሉ ተብለው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲገለሉ ኖረዋል። አምባዛ ዛሬ በከተማው ምግብ ቤት በጉላሽ ስም ሲሸጥ፣ ቀድሞ ስለ እርሱ የተገለሉት ሰዎች ከንግዱ ያገኙት ድርሻ ትንሽ ነው። ከተማዋ ስትሰፋም ከሐይቁ ዳር መኖሪያቸው በተደጋጋሚ ተነሥተዋል።

ታንኳ ዋጋው ርካሽ፣ ዕድሜው አጭር ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየቀኑ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በአዲስ ይተካል። ከዳርቻው ብዙ ርቆ መሄድ ስለማይችል በታንኳ የሚጠመደው ዓሣ በአብዛኛው በዳርቻው ደንገል ውስጥ የሚኖረው ቀረሶ ነበር።

ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በዚያ ዓመት በኔዘርላንድ የዑርክ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት በጎ አድራጎት ድርጅትና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትብብር የጣና ሐይቅ የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ዑርክ ራሷ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ፕሮግራሙ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገባ፤ አጥማጆች በማኅበር እንዲደራጁም አደረገ። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ሐይቁን አቋርጦ እስከ ወንዞቹ መግቢያ ድረስ መድረስ ስለቻለ ነጭ ዓሣና አምባዛ በብዛት ወደ ባሕር ዳር መግባት ጀመሩ። በከተማዋ የሚበላው ዓሣ ከአንድ ዓይነት ወደ ሦስት ዓይነት የሰፋው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ጀልባዎች ሌሊት ያደረውን መረብ ሰብስበው ጠዋት ይመለሳሉ። በማረፊያው ዓሣው እየተመዘነ ለማኅበር፣ ለነጋዴና ለምግብ ቤቶች ይሸጣል። ሆድ ዕቃው እዚያው ሲወጣ ነጫጭ ይብራዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ጎብኝዎች ከዓሣው ይልቅ እነርሱን ፎቶ ያነሣሉ።

ምግቦቹ

በዓሣ ቤት መጀመሪያ የሚታዘዘው የዓሣ ጥብስ ነው። ዓሣው ሆድ ዕቃው ወጥቶ፣ ቅርፊቱ ተፍቆና ታጥቦ ከራሱ እስከ ጅራቱ ሳይቆራረጥ ይቀርባል። ከመጠበሱ በፊት ሥጋው በሁለቱም ጎን እስከ አጥንቱ ድረስ በቢላዋ እየተሰነጠቀ እንደ መረብ ይደረጋል። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ዘይቱ በስንጥቁ ገብቶ ውስጡን እኩል ያበስለዋል፣ በላተኛውም እያንዳንዱን ቁራጭ በጣቱ ቆንጥሮ ማንሣት ይችላል። ከእንጀራ ወይም ከዳቦ፣ ከአዋዜ ወይም ከሚጥሚጣ፣ ከተቆረጠ ሎሚ ጋር ይቀርባል። በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የሚወቀጠው ዳጣም ከደቡብ ሐይቆች ገበታ አልፎ የዓሣ ጓደኛ ሆኗል።

ጉላሽ አጥንት የሌለው ሥጋ ተቆራርጦ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ የሚሠራ ነው። ስሙ ከአውሮፓ የመጣ ቢሆንም ቅመሙ የአገር ነው። ዱለት የተከተፈ ዓሣ በዘይት፣ በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሚጥሚጣ በፍጥነት ተቁላልቶ የሚወጣ ሲሆን፣ ከበግ ጨጓራና ጉበት ከሚሠራው ዱለት የወሰደው ስሙንና የአከታተፍ ስልቱን ነው። ኮተሌት በእንቁላልና በዳቦ ዱቄት ተለውሶ የሚጠበስ ሥጋ ሲሆን ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የዓሣ ወጥ በበርበሬ ይሠራል፤ ሥጋው ቶሎ ስለሚፈርስ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ መጨረሻ ላይ ይገባል።

ሾርባ

የዓሣ ሾርባ በዝርዝሩ መጨረሻ የሚጻፍ ርካሽ ምግብ ነው፤ ለቤቱ ሒሳብ ግን ትርጉሙ ከፍ ያለ ነው። ከአንድ ቀረሶ የሚገኘው አጥንት የሌለው ሥጋ ከሙሉ ክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሁለት እጅ ራስ፣ አጥንት፣ ቆዳ፣ ቅርፊትና ሆድ ዕቃ ነው። ጉላሽና ኮተሌት ብቻ የሚሸጥ ቤት ከገዛው ዓሣ አብዛኛውን ይጥላል ማለት ነው። ራሱንና አጥንቱን የሚቀቅል ቤት ግን ከዚያው ዓሣ ሁለተኛ ምግብ ያወጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዓይነተኛው ጥንቃቄ ስንፍጡን ማውጣት ነው፤ በራሱ ውስጥ የሚቀር ስንፍጥ መረቁን ያመረዋል፣ ያሸተዋልም። ራሱና አጥንቱ ከታጠበ በኋላ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በካሮትና በቲማቲም ይቀቀላል። ድንችና ቃሪያ ይጨመራል፤ ሲወጣ ቁንዶ በርበሬና ሎሚ ይገባበታል። በቆዳውና በአጥንቱ መጋጠሚያ ያለው ሕብረ ሕዋስ በሙቀት ወደ ጄላቲን ስለሚለወጥ መረቁ ይወፍራል፤ ሲበርድም ይረጋል። የዓሣ አጥንት ከከብት አጥንት በጣም ስስ በመሆኑ ለዚህ ብዙ ሰዓት አይፈልግም።

ይህን የሚመስል ልማድ በደቡብ ቻይና በካንቶን ሰዎች ዘንድ በሰፊው አለ። በጓንግዶንግና በሆንግ ኮንግ ሰፈሮች ውስጥ ሾርባና ጣፋጭ ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች ይገኛሉ። በዚያ የዓሣ ሾርባ የሚሠራው ዓሣው መጀመሪያ በዘይት ተጠብሶ ነው፤ ከዚያ ሙቅ ውኃ ይገባበትና በኃይለኛ እሳት ይንተከተካል። እሳቱ ስቡን ወደ ደቃቅ ጠብታ ሰባብሮ ከጄላቲኑ ጋር ስለሚያዋሕደው መረቁ ወተት ይመስላል። በዝግ ያለ እሳት የተቀቀለው የባሕር ዳሩ ሾርባ ጠራ ያለ የሚሆነውም በተቃራኒው ምክንያት ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሌላ ነገርም አለ። ቻይና ዛሬ በዓለም ከፍተኛዋ የቲላፒያ አርቢ ስትሆን ጓንግዶንግ ከዋናዎቹ የእርባታ ቦታዎች ይመደባል። ዓሣው በቻይንኛ «ሉዎፌይ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ክፍል ከናይል፣ ሁለተኛው ከአፍሪካ የቻይንኛ ስም ተወስዶ የተገጣጠመ ነው። በዚያ ድስት ውስጥ የሚፈላው የቀረሶ የሩቅ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ጁስ

የባሕር ዳር ዓሣ ቤት እንደ ካንቶኖቹ ጣፋጭ ሾርባ የለውም። ከዓሣ በኋላ ጣፋጭ የሚፈልግ ሰው ወደ ጁስ ቤት ይሻገራል፤ አንዳንዱ ዓሣ ቤትም ጁስ ራሱ ያዘጋጃል። በባሕር ዳርና በአካባቢው ማንጎና ፓፓያ በደንብ ይበቅላሉ። የሚታወቀው ዓይነት ስፕሪስ ነው፦ የአቮካዶ፣ የማንጎ፣ የፓፓያ ወይም የሌላ ፍሬ ፍጭ ሳይደባለቅ በየተራው በረጅም ብርጭቆ ይደረደራል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ ወፍራም በመሆኑም በማንኪያ ይበላል። ወተትም ቅቤም ስለሌለው የጾም ነው።

ጾምና ገበያ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በጾም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ግን የቆየ ክርክር ነው። ሥርዓቱን አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች በተለይ በዐቢይ ጾም አይበሉትም፤ ብዙ ምእመናን ደግሞ ከሥጋ ይለዩታል። ክርክሩ ሳይዘጋ ገበያው ፍርዱን ሰጥቷል፦ 55 ቀናት በሚቆየው ዐቢይ ጾም የዓሣ ፍላጎትና ዋጋ በግልጽ ይጨምራል። ፍላጎቱ ከባሕር ዳርም ያልፋል፤ በበረዶ የታሸገ ዓሣ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከጾም ውጭ ደግሞ ከሐይቁ ወደ ሱዳን የሚላክ የዓሣ ኳንታ አለ፤ በመተማ በኩል የሚያልፈው ይህ ንግድ በተለይ ለነጭ ዓሣ አዲስ ገዢ አምጥቷል። የባሕር ዳሩ ዓሣ ቤት በማረፊያው ላይ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይጫረታል።

የዓሣው መቀነስ

እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል በሐይቁ የነጭ ዓሣ ብዛት በግምት ሦስት አራተኛ ያህል እንደ ወደቀ በዚያ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ዋናው ምክንያት የመራቢያ ልማዱ ነው። ቀረሶ በሐይቁ ውስጥ ይራባል፤ እንስቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ከነጭ ዓሦች መካከል ግን በርካታዎቹ በክረምቱ መጨረሻ ተሰብስበው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማና መሰል ወንዞች ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ባለበት ፈሳሽ ውኃ ነው። አጥማጁ ይህን ያውቃል። በነሐሴና በመስከረም በወንዙ አፍ የተዘረጋ መረብ ሐይቁ መሐል ብዙ ቀን ከሚደክም መረብ ይበልጣል፤ የሚያወጣው ግን እንቁላሏን ያልጣለች ዓሣ ነው። ከወንዙ በላይ ባሉ ቦታዎችም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ በመጨመር ዓሣ የማደንዘዝ ልማድ አለ፤ ይህ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ይገድላል።

ሌላም ተጨምሯል። ከወንዞቹ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይወሰዳል፣ ውኃቸው በበጋ ለመስኖ ይጠለፋል፣ ርብ ላይም ግድብ ተሠርቷል። በዓይኑ ጠባብ የሆነው ቀጭን የላስቲክ ክር መረብ በርካሽ ስለሚገኝ ገና ያልደረሰውን ቀረሶ ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፍቶ፣ ቀረሶ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን ውኃ ሸፈነ፤ የጀልባ መንገድም ዘጋ። ሰው በእጁ እየነቀለ፣ በማሽንም እየታገዘ የተደረጉት ዘመቻዎች አረሙን ቀነሱት እንጂ አላጠፉትም።

ሕጉ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መርዝና ፈንጂ መጠቀምን ይከለክላል፣ ማጥመጃ መሣሪያን፣ ቦታንና ወቅትን ለመገደብም ሥልጣን ይሰጣል። ጣናም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ክልከላው በወንዝ አፍ ላይ ሌሊት መረብ የሚጥለውን ሰው የሚይዘው ግን አልፎ አልፎ ነው። ለብዙ ወጣቶች መረብ መሬት ሳይኖር የሚጀመር ብቸኛ ሥራ በመሆኑም ጉዳዩ የቁጥጥር ብቻ አይደለም።

በዓሣ ቤቱ ገበታ ላይ ለውጡ በሁለት ነገር ይታያል፦ በሳህኑ ላይ የሚቀርበው ቀረሶ እያነሰ መጥቷል፣ ቀድሞ ተንቆ የነበረው አምባዛም ቦታውን እየወሰደ ነው። በባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ቀረሶ በኩሬ ለማርባት የሚያስችሉ ሥራዎችን ይሠራል፤ በጓንግዶንግ በሰፊው የሚረባው ዓሣ በትውልድ አገሩ ግን እስካሁን በአብዛኛው የሚበላው ከሐይቅ ተይዞ ነው።